በልጇ ፈንታ

በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ከደረጃው ጋር ፊት ለፊት የሚጋጠም በር አለ። ከዚያ በር ጀርባ እናትና ልጅ ይኖሩ ነበር። እናትየው ሐሚዳ ትባላለች፤ ከወሎ መጥታ ሾላ ገበያ ቅመም መቸርቸር ከጀመረች ሃያ ዓመት የሆናት፣ የታክሲ ሾፌር የነበረ ባሏን ሰዲቅን ከቀበረች አራት ዓመት ያለፋት ሴት ናት። ልጅቷ ሪሀና ናት፤ አንድ ለእናቷ። ረዘም ያለች፣ አንገተ መለሎ፣ ጣቶቿን ሁልጊዜ ቀለም የነካቸው ቆንጆ ልጅ ነበረች። ከንፈሯ ግን ወደ ሰማያዊ ያደላል። ሦስት ደረጃ ወጥታ ቆማ ትተነፍሳለች። ልቧ ታሟል።

እንዴት ታመመ? በአሥራ ሁለት ዓመቷ ጉሮሮዋን አሟት ነበር። ሐሚዳ "ቶንሲል ነው፣ ያልፋል" ብላ ዳማከሴ ጨምቃ አጠጣቻት፤ ትኩሳቱም በረደ። ቀጥሎ ጉልበቷ አበጠ፣ ከዚያ ክርኗ... ያም በረደ። ጉሮሮን የያዘ በሽታ ዞሮ ዞሮ ልብ ላይ እንደሚቀመጥ ለሐሚዳ ማን ነግሯት? ከዓመታት በኋላ ሐኪሙ "የልቧ በር አልዘጋ ብሏል" ሲላት፣ ጥፋቱ ሁሉ የራሷ እንደሆነ ሐሚዳ በልቧ ፈረደች። ፍርዱንም ለማንም ሳትናገር ተሸክማው ኖረች።

የልብ ቀዶ ሕክምና የሚያደርጉ ሐኪሞች ከውጭ አገር እስኪመጡ ተራ መጠበቅ ነበረባቸው። "እስከዚያ ሰውነቷ ይጠንክር፤ ደህና ትመገብ፤ ያለዚያ ቀዶውን አትችለውም" ተባለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤቱ ያለው እንቁላል የሪሀና ሆነ፤ ወተቱም የሪሀና፣ ሥጋ ከተገኘም የሪሀና። ሐሚዳ ማታ ከሾላ ስትመለስ፣ ጫማዋን በሩ ላይ እያወለቀች ሁልጊዜ አንድ ቃል ነበራት።

"እኔ በልቼ ነው የመጣሁት፤ አንቺ ብዪ።"

"ምን በላሽ?"

"ሽሮ ነዋ። ከዘውዲ ጋር አንድ ላይ አዘን።"

ውሸት ነበር። ዘውዲ ከጎኗ በርበሬ የምትሸጥ ጎረቤቷ ናት፤ እውነት ነው። ሽሮ የምታዘውም ዘውዲ ናት፤ ያም እውነት ነው። ሐሚዳ ግን በምሳ ሰዓት "ጾም ላይ ነኝ" ትላታለች፤ ጾም ባልሆነ ቀን "ሆዴን ነፍቶኛል" ትላታለች፤ ሻይዋን በስኳር አወፍራ ጠጥታ ሚዛኗ ላይ ታቀረቅራለች። የቀሚሷ ወገብ በየወሩ ሲሰፋት በመርፌ ቁልፍ ትይዘዋለች። አላህ ያያል፤ ልጄ አታውቅም፤ ይበቃኛል ብላ ነበር።

ሪሀና አሥራ አንደኛ ክፍል ላይ ትምህርቷን ያቋረጠችው ደረጃው አቅቷት ነው። መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ትልቅ የሥዕል ደብተር ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ትውላለች። በአንዱ ገጽ ስትስል በሌላው ትጽፋለች። ክንፋቸው ከታክሲ በር የተሠራ፣ ዓይናቸው እንደ ፍም የቀላ ሴቶችና ወንዶች በሕንፃው ጣሪያ ላይ፣ በጥቁሮቹ የውሃ ታንከሮች መሀል ቆመዋል። ከሥራቸው ደግሞ መሬቱን ሰንጥቆ የሚወጣ፣ ሁለመናው አፍ የሆነ ነገር አለ።

"ምንድን ነው ይሄ ሪሀናዬ?"

"መጽሐፍ ነው እማ። ስለ ጠባቂዎች። ሰው አያያቸውም፤ ሕንፃውን ይጠብቃሉ፤ ከክፉ ጋር ይዋጋሉ።"

"ክፉው ማነው?"

"ዋጪ ይባላል። መጀመሪያ የሰውን ስም ይውጣል፣ ከዚያ ድምፁን፣ በመጨረሻ ሰውየውን።"

"የት ነው የሚኖረው?"

"እዚሁ ሥር" አለችና በእግሯ ጣት ወለሉን ነካ ነካ አደረገችው።

"እስቲ አንብቢልኝ።"

"እምቢ። ሲያልቅ። መጨረሻውን ራሱ ገና አልወሰንኩም።"

ሐሚዳ ሳቀች፤ ሆዷ ግን አልሳቀም። በዚያው ሰሞን የፊት ለፊት ጎረቤቷ ዘሃራ ስኒ ልትዋስ ገብታ ደብተሩን አየችና ደረጃው ድረስ ስባ አወጣቻት።

"ሐሚዳ፣ ሥዕል ያለበት ቤት መላእክት አይገቡም ሲባል አልሰማሽም? ይሄ ደግሞ ተራ ሥዕል መሰለሽ? ክንፍ አለው፣ ዓይን አለው። ጂን ሲጠሩት አይቀርም። የልጅቷ ልብ በምን ታመመ ብለሽ ነው?"

"በቶንሲል።"

"ቶንሲል" አለች ዘሃራ ከንፈሯን አጣማ፤ "የኔን አምስት ልጆች ቶንሲል አልያዛቸውም? ልብ ሆነባቸው?"

ያቺ ቃል ሐሚዳን እንቅልፍ ነሳቻት። ደብተሩ ውስጥ ምን ተጽፏል? ልጄን የሚበላት በሽታው ነው ወይስ በገዛ እጇ የምትጠራው ነገር? ባነብ እኮ አውቀው ነበር! በማግስቱ በሰፈሩ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከአሥር ሰዓት በኋላ ወደሚሰጠው የጎልማሶች ትምህርት ሄዳ ተመዘገበች። መምህሩ ኣፅብሃ የሚባሉ ጡረታ የወጡ አዛውንት ነበሩ። ለሪሀና "ገበያው አመሸብኝ" እያለች፣ በልጆች ዴስክ ላይ ጉልበቷን አጥፋ፣ አምስት ወር ሙሉ ፊደል ቆጠረች። የታክሲውን ታፔላ "መ... ገ... ና... ኛ" ብላ በራሷ ያነበበች ዕለት ረዳቱ "እማማ፣ ግቢ እንጂ፣ ፈተና ነው እንዴ?" ብሎ ሲቀልድባት፣ በደስታ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

በስድስተኛው ወር ስልክ ተደወለ። ሐኪሞቹ መጥተዋል፤ ሪሀና ማክሰኞ ትተኛለች፤ ሐሙስ ቀዶ ሕክምና ይደረግላታል ተባለ። እነሆ ከዚያ በፊት ባለው እሁድ፣ ከቀትር በኋላ፣ ሪሀና ሸለብ ሲያደርጋት፣ ሐሚዳ ደብተሩን ከመስኮቱ ሥር አነሳች። መጨረሻ ወደተሠራው ገጽ ገለጠች። ምን አየች? ዋጪን አየች። የዋጪ አፍ ገጹን ሞልቶታል፤ በአፉ ላይ ደግሞ ቢጫ አበባ ያለበት ሻሽ አለ። ሐሚዳ እጇን ወደ ራሷ ሰደደች። ያው ሻሽ ነው፤ የራሷ ሻሽ። አውሬው የእሷን ሻሽ አስሯል!

ከሥዕሉ ሥር አንድ መስመር ተጽፏል። ጣቷን በየፊደሉ ላይ እያሳረፈች ጀመረች። እ... ና... ት... የ... ው። እናትየው። በ... ል... ጇ። በልጇ። ፈ... ን... ታ። የመጨረሻዋን ቃል ፊደል መቁጠር እንኳ አላስፈለጋትም፤ ከመማሪያ መጽሐፋቸው ከሦስተኛው ገጽ ጀምሮ ታውቃታለች። "ከድጃ ዳቦ ትበላለች" ይላል እዚያ።

እናትየው በልጇ ፈንታ ትበላለች።

ሐሚዳ ደግማ አነበበች። ሦስተኛም አነበበች። ስለዚህ ልጄ የምታስበው ይህንን ነው? "በልቼ ነው የመጣሁት" ባልኳት ቁጥር፣ የእሷን ድርሻ ሾላ ላይ ተቀምጬ የምውጥ አውሬ መስዬ ታየኋት? በባዶ ሆዴ ቅመም ሳበጥር የዋልኩባቸው ቀናት ሁሉ፣ በመርፌ ቁልፍ የያዝኩት ወገቤ፣ ራሴን አዙሮኝ የዘውዲን ጆንያ ተደግፌ የቆምኩባቸው ሰዓታት... የእነሱ ሁሉ ዋጋ ይህች መስመር ናት? ደብተሩን መልሳ በቦታው አኖረችው። አላለቀሰችም። እንባ እንኳ የሚመጣው ልብ ሲለሰልስ ነው።

ለእራት ትሪውን አቀረበች። ያን ዕለት "በልቼ ነው የመጣሁት" አላለችም፤ ቁጭ ብላ እጇን ሰደደች።

"ዛሬ አልበላሽም እንዴ እማ?" አለች ሪሀና ፊቷ በርቶ።

"አልበላሁም። ልብላ እንጂ። ስበላ ኖሬ ዛሬ ምን አሳፈረኝ?"

ጎረሰች፤ እንቁላሉንም ከፍላ ጎረሰች፤ ሳታኝክ የምትውጥ ይመስል ነበር። ከሪሀና ፊት ብርሃኑ ቀስ በቀስ ጠፋ። እጇን ከትሪው ሰበሰበች።

"ብዪ እማ። እኔ ጠግቤያለሁ።" ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ "ደክሞሻል አይደል?" አለቻት።

"ደክሞኛል። ወላሂ ደክሞኛል።"

አንባቢ ሆይ፣ ይህቺን ቃል ልብ በልልኝ። ሐሚዳ የተናገረችው ከቆሰለ ልቧ ነው። ሪሀና የሰማችው ግን ሌላ ነበር፤ እናቴ እኔን ማስታመም ሰለቻት፣ ስለ እኔ መራቧ ሰለቻት ብላ ሰማች። ልጅቷ ሁሉን ታውቅ ነበርና!

ሰኞ ማለዳ ሐሚዳ ደብተሩን በዘንቢሏ ይዛ ሾላ ወረደች። ፌስታል ከተከለከለ ወዲህ ቅመም ሻጮች ወረቀት ቀን ከሌት ይፈልጋሉ። የመጀመሪያዋ ደንበኛ ቁንዶ በርበሬ ስትጠይቃት፣ ሐሚዳ ከደብተሩ አንድ ገጽ ገነጠለች፣ በእጇ ጠቅልላ አሾለችው፣ ቅመሙን ጨመረችበት፣ አፉን አጠፈችው።

"አንቺ ሴት" አለች ዘውዲ ከጎኗ፤ "ይሄ የማን ሥዕል ነው? ያምራል እኮ።"

"ወረቀት ነው።"

"ወረቀትማ አያለሁ። ዓይን ያለው ወረቀት ነው እንጂ።"

ክንፈ ታክሲው ጠባቂ ኮረሪማ ታቅፎ ወደ ቦሌ ሄደ። ሙቀጫ እንደ ጋሻ የያዘችው ጠባቂ በጥቁር አዝሙድ ተሞልታ ወደ መገናኛ ሄደች። እርድ፣ ቅርንፉድ፣ አብሽ... እስከ ስድስት ሰዓት ደብተሩ አለቀ። ሻሽ ያሰረው አውሬ ያለበትን ገጽ ብቻ ማንም እንዲያየው አልፈለገችም። አራት አጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችው።

"ደብተሬን አየሽው?" አለች ሪሀና ያን ቀን ማታ።

"ቅመም ጠቅልዬበታለሁ።"

"ሁሉንም?"

"ሁሉንም።"

ሪሀና መስኮቱን ለረጅም ጊዜ አየች። "እሺ" አለች። ምነው በጮኸች! ምነው በሰደበቻት!

ማክሰኞ ሆስፒታል ተኛች። ረቡዕ ጠዋት ዶክተር ሙራድ የሚባለው ወጣት ሐኪም ሐሚዳን ኮሪደሩ ላይ ጠራት።

"እናቴ፣ ልጅሽ አልፈርምም ብላለች። አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቷታል፤ የምትፈርመው እሷ ናት። ካልፈረመች እኛ ልንነካት አንችልም።"

"እኔ ልፈርምላት። አሁን ስሜን መጻፍ እችላለሁ።"

"አይሆንም። እስከ ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ካልፈረመች ተራው ለሌላ በሽተኛ ይተላለፋል። እንግዶቹ ቅዳሜ ይሄዳሉ። ሲመለሱ ደግሞ... የእሷ ልብ ያን ያህል የሚጠብቅ አይመስለኝም። አነጋግሪያት።"

ሐሚዳ ገባች። ሪሀና ትራሱን ተደግፋ ግድግዳውን ታያለች።

"ለምንድን ነው የማትፈርሚው?"

"አልፈልግም እማ። ደክሞሻል። አርፈሽ ብዪ።"

አርፈሽ ብዪ! ቢላዋው እዚያው ቁስል ላይ ዳግመኛ ገባ። አሁንም በላሽ ትለኛለች፤ በሞት አፋፍ ላይ ሆና እንኳ! ሐሚዳ ወጥታ ኮሪደሩ ላይ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ሰው ልጅ ወልዶ፣ ተርቦ አሳድጎ፣ ልጁ በገዛ ፈቃዷ ስትሞት እንዴት ይመለከታል? የሚመክርልኝ ሽማግሌ ልፈልግ አለች። ሰዲቅ የለም። ዘመድ ያለው ወሎ ነው። በዚህች ሰፊ ከተማ "ልጄን ምከሩልኝ" ብላ የምትለምነው አንድ ሽማግሌ ብቻ ትዝ አላት።

አሥር ሰዓት ሊሆን ሲል መምህር ኣፅብሃ ክፍሉን ሊከፍቱ ቁልፍ ሲያወጡ በሩ ላይ ደረሰችባቸው። የሆነውን ሁሉ ቆማ ነገረቻቸው፤ ስለ ፊርማው፣ ስለ ደብተሩ፣ ስለ ሻሹ። እሳቸው ዴስኩ ላይ አስቀመጧትና የቀረውን ገጽ ጠየቋት። ከደረቷ አውጥታ ዘረጋችላቸው።

"አንቺው አንብቢልኝ" አሉ።

አነበበች። "እናትየው በልጇ ፈንታ ትበላለች።"

መምህሩ መነጽራቸውን አወለቁና ዓይናቸውን አሹ። "እንደገና" አሉ።

"መምህር፣ አሥር ጊዜ አንብቤዋለሁ። አልተሳሳትኩም።"

"ፊደሉን አልተሳሳትሽም።" ጠመኔ አንስተው ሰሌዳው ላይ ሁለት መስመር ጻፉ። "አንብቢ።"

"በጓ... ሣር... ትበላለች።"

"ሁለተኛውን።"

"በጓ... ለዒድ... ትበ..." ሐሚዳ ቆመች። አፏ ራሱ ቃሉን ሌላ አድርጎ ሊያወጣው ነበር። "ትበላለች" አለች፤ 'በ'ን አጥብቃ።

"አየሽ? አጻጻፉ አንድ ነው። የኛ ፊደል ሲጠብቅና ሲላላ መልኩ አይለይም። አፍ ነው የሚለየው።" ሽማግሌው ድምፃቸው ዝቅ አለ። "ይሄን የማስተምራችሁ በሚመጣው ወር ነበር። ማሪኝ ልጄ። አሁን የልጅሽን አንብቢ። 'በ'ን አጥብቂያት።"

ሐሚዳ ጣቷን መስመሩ ላይ አሳረፈች። እናትየው... በልጇ... ፈንታ...

ቃሏ አላለቀም። ገጹን አየችው። ሻሹን አውሬው አላሰረውም። ሻሹ ከከንፈሩ ላይ የተንጠለጠለው፣ ከእናትየው ሳይዋጥ የቀረው እሱ ብቻ ስለሆነ ነው። ከዋጪ አፍ ጀርባ፣ ከታንከሩ ሥር፣ በእርሳስ ብቻ የተነካች አንዲት ትንሽ ልጅ ተርፋ ቆማለች። ያን ሁሉ ጊዜ እዚያው ነበረች፤ ሐሚዳ አላየቻትም። ያረቢ... ልጄ ታውቅ ነበር! እንዳልበላሁ ታውቅ ነበር! እኔ ምን አደረግኩ? ምን አደረግኩ?

"ተነሺ" አሏት መምህሩ። "ለቅሶውን ታክሲ ውስጥ ታለቅሽዋለሽ።"

ታክሲው ግን መገናኛ ሳይደርስ ቆመ። መንገዱ በመኪና ተዘግቷል፤ ረዳቱ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ይሳደባል፤ ከጎኗ የተቀመጠ ሰው በስልክ ስለ ቤት ኪራይ ይከራከራል። የበሽተኛ መጠየቂያ ሰዓት የሚያልቀው አሥራ ሁለት ላይ ነው። አሥራ አንድ ተኩል ሆነ። ሩብ ጉዳይ ሆነ። ሐሚዳ "ወራጅ" አለችና ወርዳ በእግሯ ጀመረች። የሚያስሮጥ ጉልበት አልነበራትም፤ ከትናንት ጀምሮ ውሃ ብቻ ነው የቀመሰችው። አንዴ የባቡሩን ድልድይ ምሰሶ፣ አንዴ የቆመ መኪና እየተደገፈች፣ ሻሿ ትከሻዋ ላይ ወድቆ፣ ሆስፒታሉ በር ስትደርስ ዘበኛው እጁን ዘረጋ።

"ሰዓት አልፏል እናት። ነገ።"

"ነገ አይሆንም የኔ ልጅ። አንድ ፊደል ተሳስቼ ልጄን ልገድላት ነው።"

"ፊደል?" ዘበኛው አያት። እግሯን አያት፤ አንድ ጫማዋ የለም። "ግቢ" አለ ፊቱን አዙሮ፤ "እኔ አላየሁሽም።"

ሪሀና እንደተወቻት ግድግዳውን እያየች ነበር። ሐሚዳ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ ገጹን ዘረጋች። ትንፋሿ እስኪመለስ አልጠበቀችም። ጣቷን እያስኬደች፣ ፊደል በፊደል፣ ጮክ ብላ አነበበች። የመጨረሻዋን ቃል አጠበቀቻት።

ሪሀና ቀስ ብላ ዞረች። "እማ፣ ማንበብ ትችያለሽ?"

"እችላለሁ። ግን መጀመሪያ አላልቼ ነው ያነበብኳት። የምበላብሽ መስሎኝ ነው።"

ልጅቷ አላመነችም። ዓይኗ ከገጹ ወደ እናቷ፣ ከእናቷ ወደ ገጹ ሄደ። "ለዚህ ነው እሁድ ዕለት እንደዚያ የበላሽው? ለዚህ ነው ደብተሬን..."

"ለዚህ ነው። ይቅር በዪኝ።"

"እኔ ደግሞ ሰለቸኋት ብዬ ነበር።" ሪሀና ሳቀች። ሳቋ ሳል ሆነ፤ ሳሉ እስኪያልፍ እናቷ ጀርባዋን ደገፈቻት። "ዘውዲ ባለፈው ክረምት ስልክ ደውላልኝ ነበር እማ። 'እናትሽ ምሳ የሚባል ነገር ከቀመሰች ዓመት ሆናት' አለችኝ። ብነግርሽ ሌላ ውሸት ታመጪ ነበር። ስለዚህ ጻፍኩት።"

ሐሚዳ የልጇን እጅ በሁለት እጇ ያዘች። አሁን እንባዋ መጣ፤ ከአራት ዓመት በፊት ለሰዲቅ የቀረው ሳይቀር መጣ።

"ጠባቂዎችሽን ግን በተንኳቸው። በኮረሪማ ጠቅልዬ ሸጥኳቸው።"

"ወዴት ሄዱ?"

"ቦሌ። መገናኛ። አንዱ ሲኤምሲ ድረስ ሳይሄድ አይቀርም።"

"እንግዲያው ሥራ ጀመሩ በያ" አለች ሪሀና። "ለየቤቱ አንድ አንድ ጠባቂ ደረሰው። እስክሪብቶ አምጪልኝ።"

ፈረመች። ሐሚዳም ከፊርማው ጎን ምስክር በሚለው መስመር ላይ፣ ምላሷን በጥርሷ ነክሳ፣ አራት ደቂቃ ፈጅታ ስሟን ጻፈች።

ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ወሰዷት። ሦስት ሰዓት፣ አራት ሰዓት... ሐሚዳ ተስቢሕ ትቆጥራለች፤ ዘውዲ ከጎኗ ነጠላዋን ተከናንባ ማርያምን ትለምናለች። ስምንት ሰዓት ላይ ዶክተር ሙራድ ወጣና "ቫልቩ ገብቷል፤ ልቧ እየመታ ነው" አለ። ሁለቱ ሴቶች ተቃቀፉ። ዘውዲ እንጀራ ፍትፍት አስገድዳ አጎረሰቻት፤ ሐሚዳም ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትዋሽ በላች። ወይ የሰው ልጅ! ደስታ እንኳ ሲመጣ ቁጭ ብሎ አይቆይ! አሥር ሰዓት ላይ ነጭ ለባሾች በሩጫ ገቡ። አሥር ተኩል ላይ ዶክተር ሙራድ እንደገና ወጣ። ጭንብሉን አውልቆ ግንብ ተደግፎ ቆመ። ያ ብዙ ዓመት የደከመ ልብ፣ አዲስ በር ተሠርቶለት፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ብቻ መትቶ አረፈ።

ሐሚዳ አልጮኸችም። "ኢና ሊላሂ" አለች፤ ቀጥላም "ይቅር ብላኝ ነው የሄደችው" አለች። ይህንኑ ቃል ለቅሶ ለመጣ ሰው ሁሉ ትደጋግመው ነበር። ዘሃራ ራሷ ሦስቱንም ቀን የሐሚዳን ምንጣፍ ሳትለቅ ተቀመጠች፤ ስለ ሥዕልም ስለ ጂንም ዳግመኛ አልተነፈሰችም።

ዘውዲ ግን ሾላ ላይ ሌላ ሥራ ይዛ ነበር። ቅመም ለሚገዛ ሁሉ፣ "ባለፈው ሰኞ ሥዕል ባለበት ወረቀት ተጠቅልሎላችሁ ከሆነ አትጣሉት፤ የሟች ልጅ ነው" ትል ነበር። በአርባ ቀን ውስጥ አሥራ ሰባት ገጽ ተመለሰ፤ እርድ ያቀለመው፣ ዘይት የጠጣ፣ ግማሹ የተቀደደ። አንዲት ዊንታ የምትባል ሴት ደግሞ "የኔን መንቀል አልቻልኩም፤ እናቷ መጥታ ትየው" ብላ ከገርጂ ላከች።

ሐሚዳ ሄደች። ዊንታ ወደ ማድቤት አስገባቻት። ገጹ ከምድጃው በላይ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። የፈረሰ ጣሪያ፣ የተገለበጠ ታንከር፣ አቧራ ብቻ ይታያል፤ ሰው የለበትም።

"ወንድሜ ከጠፋብኝ ሁለት ዓመት ሆነ" አለች ዊንታ። "አዝሙዱን ገልብጬ ሳየው... እንጃ፣ ልጥለው አልቻልኩም። ከፈለግሽ ግን ያንቺ ነው።"

ሐሚዳ ቀረብ ብላ ከሥዕሉ ሥር ያለውን መስመር አነበበች። ከቀደመው ገጽ የተቆረጠ ነበርና በመሀል ይጀምራል። "አለች ልጅቷ፣ ከፍርስራሹ ሥር" ይላል።

እንደ በፊቱ ለብቻዋ መፍረድ አልፈለገችም።

"ዊንታዬ፣ ይቺ 'ለ' ትጠብቃለች ወይስ ትላላለች?"

ዊንታ ጎንበስ ብላ አየች። "ከፊቱ ያለውን ገጽ ካላየሁ በምን አውቃለሁ? የሆነ ነገር ተናግራ ይሆናል፤ ላልቶ 'አለች' ሊሆን ይችላል። ወይ ደግሞ ጠብቆ፣ በሕይወት..."

ዊንታ የገጹን የተቆረጠ ጠርዝ በጣቷ ዳሰሰች።

"ከፊቱ ያለው አልተገኘም" አለች ሐሚዳ።

የሰው ዕጣ ተጽፏል ይላሉ አባቶቻችን። ይሁን። ነገር ግን የተጻፈውን እኛ የምናገኘው እንዲህ ተገንጥሎ፣ የፊቱ ጠፍቶ፣ የኋላው ሳይመጣ ነው። በችኮላ ካነበብነው የገዛ ልጃችንን ደብተር እንገነጥላለን። ማንስ ከእኛ መሀል በትክክል አነባለሁ ብሎ ይምላል?

ሐሚዳ ገጹን አልነቀለችውም። በጣቷ ጫፍ የተላቀቀውን ጥግ ተጭና አስተካከለችው። ከዚያ ለራሷም፣ ለዊንታም፣ ጮክ ብላ አነበበችው፤ 'ለ'ን አጥብቃ።

"አለች ልጅቷ።"